የጠፋው ሽታ

ሰኞ 4

የመጥለቅ ወቅት ዛሬ ተከፈተ። ሠላሳ አንድ ሲሊንደር አየር ሞላሁ፤ ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ሐይቁ ዳር ያለው ሣር ከአሁኑ በድንኳን ተሞልቷል። በአንድ በኩል ድንኳንተኞቹ ከነልጆቻቸው፣ ከነውሾቻቸውና ከነኳሳቸው፣ በሌላው በኩል ከድንጋዩ ሥር ጠላቂዎቹ ጥቁር የጎማ ልብሳቸውን ለብሰው። መሀላቸው አንድ የእግር መንገድ፣ መታጠቢያ ቤቱና እኔ አየር የምሞላበት የኮምፕሬሰር ክፍል አለ። ድንኳንተኛው ጠላቂውን «ምን ጠፍቶበት ነው ውሃ ሥር የሚርመሰመሰው?» ይላል። ጠላቂው ደግሞ ድንኳንተኛውን «ቤት እያለው መሬት ላይ የሚተኛ» ይለዋል። ሁለቱ ተስማምተው የሚያማርሩት የእኔን ኮምፕሬሰር ጩኸት ነው።

ዘንድሮ ወንድሜ መጥለቅ በራሱ ስም የሚያስተምርበት የመጀመሪያ ዓመት ነው። እስካለፈው ዓመት ድረስ ረዳት ነበር። የሐይቁ ፓርክ ኃላፊ ጠርታ «ይህን ወቅት ያለ አደጋ ከጨረስክ ቋሚ አሰልጣኝ ትሆናለህ» ብላዋለች። እናታችን ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ስድስት ተማሪዎች፣ የሰፈራችን ሳቂታ ፖስተኛም አንዷ ሆና፣ ፊቱ ተሰልፈው እሱን «መምህር» ሲሉት ዓይኔ እንባ ሞላ። የወንድሜ ሚስት አየችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት።

አባታችን ይህን ሥራ ሲያስተምረኝ ደጋግሞ የነገረኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሳታሸቺው ለሰው አየር አትስጪ።» እያንዳንዱን ሲሊንደር ሞልቼ ስጨርስ ቫልቩን ትንሽ ከፍቼ አሸትታለሁ። የሚሸት አየር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ጠላቂዎቹ «እትዬ አየር» የሚሉኝም ለዚህ ነው።

ሐሙስ 7

አንድ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ተጎታች ቤት ይዘው መጡ። ወቅቱን ሙሉ ይቆያሉ አሉ። ብቻቸውን ናቸው። ማቀዝቀዣ አላቸው፣ ሬዲዮ አላቸው፣ ለዚህ ሁሉ የሚሆን ጄኔሬተር አላቸው። ጄኔሬተሩ ከተነሣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሦስት እናቶች ኃላፊዋ ቢሮ ደረሱ፤ ሕፃናቱ መተኛት አልቻሉም። ኃላፊዋም «ወይ ያጥፉት፣ ወይ ይሂዱ» አለቻቸው። ሰውየው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ሠላሳ አምስት ዓመት ባቡር የነዳ ሰው በአንዲት ሞተር ምክንያት እንደ ተማሪ ሲገሠጽ ማየት አንጀቴን በላው።

«ከእኔ ክፍል ጀርባ ያስቀምጡት» አልኳቸው። «እዚያ ኮምፕሬሰሩ ስለሚጮህ ማንም አይሰማውም። ጩኸትን ከጩኸት ጋር ማሰር ነው።»

ሳቁ። ጥርሳቸው ሙሉ ነው። ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ዘርግተው ሳይመሽ ጨረሱ። ኃላፊዋም «እትዬ፣ ጥሩ መላ ነው» አለችኝ።

ጀርባው ላይ ኮምፕሬሰሩ አየር የሚስብበት ቧንቧ አለ። ግን ከፍ ያለ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ።

እሑድ 10

ሃምሳ ሁለት ሲሊንደር። ለመጻፍ ጉልበት የለኝም። ባቡር ነጂው የክፍሌን በር ማጠፊያ ሠሩልኝ። ሦስት ዓመት ሲጢጥ ሲል ማንም ሰምቶት አያውቅም።

ቅዳሜ 16

ጠዋት ስድስተኛውን ሲሊንደር ሳሸት ጭስ ጭስ አለኝ። በጣም ትንሽ። ደግሜ አሸተትሁ፤ አለ። ድንኳንተኞቹ ከመንገዱ ማዶ ሥጋ እየጠበሱ ነበር፤ ነፋሱም ወደዚህ ነው። ከእነሱ ነው አልኩ። ስድስቱንም አየራቸውን አስወጥቼ የኮምፕሬሰሩን የአየር ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ ቀየርሁ። በአዲሱ ፊልትሮ ስሞላ ምንም የለም፤ ንጹሕ አየር። ሽታው ጠፋ፤ ነገሩም አለቀ።

በየቀኑ የምሞላው የሥራ መዝገብ ላይ አልጻፍሁትም። ብጽፈው ኃላፊዋ «ባለሙያ እስኪመጣ ሥራ ይቁም» ትላለች። ባለሙያው ከከተማ እስኪመጣ ደግሞ አራት ቀን ነው። ቅዳሜ ቀን፣ የወንድሜ ተማሪዎች ለብሰው ቆመው ሳለ፣ ለአንድ ለጠፋ ሽታ ሥራ ላቁም?

ሰኞ 18

ባቡር ነጂው ዛሬ «ይኼ አንቱታ ይቅርብኝ፤ ገና ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው» አሉ።

«አልለመደብኝም» አልኳቸው።

«የባቡር መናጥም መጀመሪያ አይለመድም። ኋላ ግን ካልናጠሽ እንቅልፍ አይወስድሽም።»

ሳቅሁ። ከሥራ በኋላ እስከ ድንጋዩ ድረስ አብረን ሄድን። በሌሊት ያለፋቸውን ጣቢያዎች አንድ በአንድ ነገረኝ፤ መብራታቸውን እንጂ ስማቸውን እንደማያስታውስ። ጥሩ ያወራል። ሰው ሲያወራም ያዳምጣል፤ ይህ በወንድ ላይ ብዙ ያልለመድሁት ነው።

ቤት ስገባ የወንድሜ ሚስት ለወንድሜ ስትነግረው በመስኮት ሰማሁ፤ «እትዬ በዚህ ሳምንት ፀጉሯን ሦስት ጊዜ ታጠበች።» ሁለቱም ሳቁ። ሙቀት ነው። ሲሞቅ ሰው ይታጠባል።

ረቡዕ 20

ጸጉር አስተካካዩ በየሳምንቱ በዕረፍት ቀኑ የሚመጣ ደንበኛዬ ነው። ዝም የሚለው ውሃ ውስጥ ብቻ ነው። ዛሬ ከውሃ ወጥቶ ግንባሩን ይዞ ቁጭ አለ።

«እትዬ አየር፣ ራሴን በመዶሻ ነው የሚመቱኝ።»

«ትናንት ምን ጠጣህ?»

«ውሃ ብቻ! ሙች ስልሽ!»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከወንድሜ ተማሪዎችም ሁለቱ ራሳችንን አሉ። ጀማሪ አየር እንዳያልቅበት ትንፋሹን ይቆጥባል፤ ትንፋሹን የቆጠበ ደግሞ ራሱን ያመዋል። የታወቀ ነው። እኔንም ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ ራሴን ያመኛል፤ የእኔ ግን ከሙቀቱ ነው።

ዓርብ 22

እሱ ዛሬ ክፍሌ ጀርባ ቆሞ ግድግዳውን ወደ ላይ ሲያይ ቆየና መጣ።

«የጄኔሬተሩ ጭስ ወደዚያ ቧንቧሽ አይገባም? ከፈለግሽ ወደ መኪና ማቆሚያው ልውሰደው።»

መኪና ማቆሚያው ሩቅ ነው፤ ገመዱ አይደርስም። ገመዱ ካልደረሰ ተጎታች ቤቱን ይዞ ወደ ሐይቁ ማዶ መሄዱ ነው፤ እዚያ ለእንደዚህ ዓይነቱ የተሠራ ቦታ አለ። «ግድ የለህም፤ አየሩን በየቀኑ አሸተዋለሁ። ምንም የለውም» አልኩት። ውሸት አልተናገርሁም። ምንም አይሸትም።

ለድንኳንተኞቹ ብዬ ነው። መኪና ማቆሚያው ጎን ሕፃናት ያሏቸው አሉ።

ቅዳሜ 23

ጠዋት። ወንድሜ ሲሊንደሮቹን ሊወስድ መጣ። «እቴ፣ ሦስት ሰው ራሴን አለኝ። አየሩ ደህና ነው?» አለኝ። «ያባትህ አፍንጫ ነው ያለኝ። ሂድ አሁን፣ ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል» አልኩት። ሄደ።

ከቀትር በኋላ። ፖስተኛዋ። የወንድሜ ተማሪ፣ ያቺ ሳቂታዋ። ውሃ ውስጥ ራሷን ሳተች። አሥራ አምስት ሜትር ላይ። ወንድሜ ዕቃዋን ፈትቶ ጥሎ አወጣት። አምቡላንስ መጣ። ትተነፍሳለች። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ማታ። አልተኛሁም፤ ማንም አልተኛም። ወንድሜ የጎማ ልብሱን ሳያወልቅ ሐይቁ ዳር ያለው የእንጨት መድረክ ላይ ተቀምጦ ዋለ። እንዴት እንደሆነ አሥር ጊዜ ነገረኝ። ምልክት ሲሰጣት መለሰችለት፤ ደህና ነኝ አለችው። ሁለተኛ ዘወር ሲል አየር የምትስብበት ቱቦ ከአፏ ወጥቷል፣ ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን አታይም። የክብደት ቀበቶዋንና ሲሊንደሯን ፈትቶ ጣለና አቅፏት ወጣ። «ቶሎ ወጣሁ መሰለኝ እቴ። ቶሎ አወጣኋት» ይላል፤ ከጥልቅ በፍጥነት መውጣትም ሰው ይጎዳል። ከኋላችን የቆመች አንዲት ድንኳንተኛ ልጇን እየጎተተች «ድሮም ብያለሁ፤ ሰው ዓሣ አይደለም» አለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። ጠዋት ከሞላኋቸው አሥራ አንድ ሲሊንደሮች ቀርተው ነበር። ሁሉንም ከፍቼ አየራቸውን አስወጣሁ። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስለማልወድ ይሆናል።

እሑድ 24

ነቅታለች። ተመስገን፣ ተመስገን። ስሟንም፣ የመንገዷን የቤት ቁጥሮችም በቅደም ተከተል ትናገራለች አሉ። የጣለው ሲሊንደር ዛሬ ከሐይቁ ሥር ወጣ፤ ሲፈስ አድሮ ባዶ ሆኗል። የሚመረመር ነገር የለውም።

የሚመረመር ነገር አለመኖሩን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝን እዚህ አልጽፍም።

ሰኞ 25

መርማሪ መጣ። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲጽፍ ምላሱን በጥርሱ የሚይዝ ሰው። ኃላፊዋ ቢሮ ሁላችንንም አስቀመጠን።

«የዚያን ዕለት አየሩ ሽታ ነበረው?»

«አልነበረውም።» እውነት ነው።

«ከዚያ በፊትስ?»

«መዝገቡ ይኸው። ይመልከቱት።»

አገላበጠው። ንጹሕ መዝገብ ነው፤ የእጅ ጽሑፌም ያምራል። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረ። «ሦስት ሰዎች ራሳቸውን እንዳመማቸው ያውቁ ነበር። ለምን ወደ ውሃ ወረዱ?»

«አየሩን ጠየቅሁ። ጠዋት እህቴን ጠየቅኋት» አለ ወንድሜ።

መርማሪው ወደ እኔ ቀና አለ። «ጠይቆዎታል?»

ቢሮው ጠባብ ነው። ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። አዎ ብል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ምን አሉት?» ነው፤ ከዚያ «በምን አረጋገጡ?»፤ ከዚያ «ከክፍልዎ ጀርባ ያለው ምንድን ነው?»።

«ጠዋት ብዙ ነገር ነው የሚወራው» አልኩ። «አላስታውስም።»

ወንድሜ አየኝ። እንዲያው አየኝ፤ ቁጣም አልነበረበትም። ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ። ምርመራው እስኪያልቅ ፈቃዱ ታግዷል።

ረቡዕ 27

ቤት ውስጥ ማንም ስለዚያ አያነሣም። ወንድሜ ምግቡን ያማስላል እንጂ አይበላም። ሚስቱ «እትዬ፣ አንቺ ንገሪው፤ አንቺን ይሰማል» ትለኛለች። ምን ልንገረው? ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። ይህን የተናገረ ሰው ከዋሸው ሰው ጋር አንድ ገበታ ቀርቦ አያውቅም።

ግን ዋሽቻለሁ? አላስታውስም ማለት አልጠየቀኝም ማለት አይደለም።

ሐሙስ 28

ለኮምፕሬሰር ባለሙያው ስልክ ደወልሁ። እንዲያው ለጠቅላላ ዕውቀት አልኩት።

«አንድ ሰው ሽታ ቢያገኝ፣ ፊልትሮ ቢቀይርና ሽታው ቢጠፋ፣ አየሩ ንጹሕ ነው ማለት ነው?»

«ሽታው ከምንድን ነው?»

«እንበል ከሞተር ጭስ።»

 ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ «እትዬ፣ ፊልትሮ የሚይዘው ዘይቱንና ሽታውን ነው። ጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ፊልትሮውን አልፎ ይሄዳል። ቤት ዘግቶ ከሰል ያነደደውን ሰው የሚገድለው እሱ ነው። ሽታውን አውጥታችሁ መርዙን ካስቀራችሁት ከበፊቱ የባሰ ነው፤ አፍንጫ ምስክር አይሆንም። ውሃ ሥር ደግሞ ጥልቀቱ ጉልበቱን ይጨምረዋል። ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲያው» አልኩትና ዘጋሁት።

ክው ብዬ ቀረሁ።  ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳሸት ኖሬያለሁ። አባታችንም ሲያሸት ኖሮ ሞተ።

ስለዚህ ያኔ አላውቅም ነበር ማለት ነው። ይህ በደንብ ይጻፍ፤ አላውቅም ነበር። ... ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዓርብ 29

ጠዋት ወደ ተጎታች ቤቱ ሄጄ «ጠዋት ጠዋት፣ እኔ ሞልቼ እስክጨርስ ጄኔሬተሩን አጥፋው» አልኩት።

«ምነው?»

«ድምፁ ራሴን ያመኛል።»

«ለዚህ ነው እንዴ ፊትሽ የጠቆረው? በዪ እሺ፣ አጠፋዋለሁ» አለ። እውነቱን ልነግረው ነበር የሄድሁት። የነገርሁት እንደሆን ግን ያን የፖስተኛዋን ነገር በራሱ ላይ ይጭናል፤ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ጠዋት ከጠፋ ምን ቀረ? አየሩ ንጹሕ ይሆናል፤ ሰውም አይጎዳም፤ ማንም አይሄድም።

ቅዳሜ 30

መጻፍ ያለብኝ አሁኑኑ ነው፤ ካደረ አሳምረዋለሁ።

ጠዋት ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ነበር። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አረጋገጥሁ። ኮምፕሬሰሩን አስነሥቼ ስምንት ሞላሁ። ጸጉር አስተካካዩ ዛሬ ሱቁን ዘግቶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጥቶ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወሰደ። ሦስቱ ለብሰው ወደ ውሃ ከወረዱ በኋላ ዕቃዬን ሰብስቤ ኮምፕሬሰሩን አጠፋሁት።

ሲጠፋ ከግድግዳው ጀርባ ሌላ ድምፅ ቀጠለ።

ዞሬ ሮጥሁ። ጄኔሬተሩ ይሠራል፤ ጭሱ ግድግዳውን ይዞ ወደ ቧንቧዬ ይወጣል። እሱ አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል።

«መቼ አስነሣኸው?!»

«ቅድም። ምነው? ኮምፕሬሰርሽ ሲጮህ የእኔ አይሰማሽም ብዬ እኮ ነው። ማቀዝቀዣው ሊበላሽብኝ...»

የቀረውን አልሰማሁም። መፍቻውን እንደያዝሁ ወደ መድረኩ ሮጥሁ። ውሃው ላይ አረፋ ብቻ ነው ያለው። ከመድረኩ ወደ ውሃ የሚወርድ የብረት መሰላል አለ። በመፍቻው ሦስት ሦስት ጊዜ ደበደብሁት፤ ሁላችሁም ውጡ ማለት ነው። ድንኳንተኞቹ ሳንድዊቻቸውን እንደያዙ ተሰበሰቡ። አንድ ራስ ወጣ። ሌላ ራስ ወጣ። ሦስተኛው የለም።

«እሱስ? የታለ እሱ?»

«ከኋላችን ነበር» አሉ።

ወንድሜ ከየት እንደመጣ አላየሁም። ውሃ እንዳይገባ ታግዷል። ሸሚዙን ሳያወልቅ፣ ያለ ምንም አየር፣ በሳምባው ብቻ ዘሎ ገባ። ስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም። መሰላሉን መደብደብ አላቆምሁም። ሰው እጄን ይዞ «በቃ፣ በቃ፣ ወጡ» ሲለኝ ነው ያቆምሁት። ጸጉር አስተካካዩ መድረኩ ላይ ተኝቶ ያስመልሰዋል። ያለማቋረጥ የሚያወራ ሰው የራሱ ስም ጠፋበት።

ወንድሜ ውሃው እየተንጠባጠበ ወደ እኔ ዞረ። «ምንድን ነው እቴ? ምን ሆነ?»

«አየሩ ነው» አልኩ። «የጄኔሬተሩ ጭስ ገብቶበታል።»

ማክሰኞ 3

ጸጉር አስተካካዩ ትናንት ከሐኪም ቤት ወጣ። መርማሪው በትንሽ የመስታወት ቱቦ አየሩን ለካ፤ የቱቦው ቀለም ወዲያው ተለወጠ። ሁላችንም ዳግም ያን ጠባብ ቢሮ ገባን።

«ጄኔሬተሩን እዚያ ያስቀመጠው ማን ነው?»

አፌን ልከፍት ስል ባቡር ነጂው ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ። እሳቸው አላዩም» አሉ። ስለ እኔ «እሳቸው» አሉ። ኃላፊዋ «ጥሩ መላ ነው» ያለችው ትዝ ያላት አትመስልም፤ ወረቀቷን ትደረድራለች። እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

«እርስዎስ መቼ ነው ያወቁት?» አለኝ መርማሪው።

«ቅዳሜ ዕለት። ኮምፕሬሰሩን አጥፍቼ ሞተሩን ስሰማ።»

ጻፈው። ምላሱን በጥርሱ ይዞ በጥሩ ጽሕፈት ጻፈው።

ባቡር ነጂው ከሰዓት በኋላ ተጎታች ቤታቸውን አስረው ሄዱ። ኮፍያቸውን አንሥተው ተሰናበቱኝ። «በዚያ ዓርብ ስጠይቅዎ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ጥያቄውን ቢጨርሱት ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ 6

የውሳኔው ደብዳቤ መጣ። ወንድሜ ጮክ ብሎ አነበበው። የጄኔሬተሩ ባለቤት ወደ ፓርኩ እንዳይገቡ ተከልክለዋል። የአየር መሳቢያው ቧንቧ ይነሣል። አሰልጣኙ ሦስት ሰዎች ራስ ምታት እንዳለባቸው እያወቀ፣ አየሩን ሳያስመረምርና ሳይጠይቅ ተማሪ በማውረዱ ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ተነጥቋል፤ መቃወሚያ ያለው በሰባት ቀን ውስጥ ያቅርብ። ከዚያ መጨረሻው ላይ፦ «የአየር ክፍሉ ሠራተኛ በወሰዱት ፈጣን እርምጃ ሦስት ሕይወት ማትረፋቸው ምስጋና ይገባዋል።»

«እንኳን ደስ አለሽ እቴ» አለ ወንድሜ። ሽሙጥ አልነበረም። አንድ ጥፊ ቢያሳርፍብኝ ይሻለኝ ነበር። ሚስቱ ተነሥታ ወጣች።

እሑድ 8

ነገርሁት።

ጓሮ የጎማ ልብሱን አጥቦ እያጣጠፈ ነበር፤ ጆንያ ውስጥ ሊከተው። «ሦስት ዓመት ሲታጠፍ ይሰነጠቃል» አለኝ፤ ማንን እንደሚያናግር ሳይታወቅ። አጠገቡ ቆምሁ። እንዴት እንደምጀምር ሌሊቱን ስለማመድ ነበር ያደርሁት፤ የተለማመድሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«ጠይቀኸኛል» አልኩት። «ያን ቅዳሜ ጠዋት አየሩን ጠይቀኸኛል። አስታውሳለሁ። ያን ጊዜም አስታውስ ነበር።»

እጁ ቆመ። ቀና አላለም።

«መጠየቄን መጠራጠር ጀምሬ ነበር» አለ። «ሌሊት ሌሊት 'በልቤ ብቻ ይሆናል የጠየቅኋት' እላለሁ። እቴ ትዋሻለች ከምል፣ እኔ አብጃለሁ ማለቱ ይቀለኝ ነበር።»

ሌላውንም ነገርሁት። ጭስ የሸተተኝ ከአደጋው ሳምንት በፊት እንደሆነ፣ መዝገቡ ላይ እንዳልጻፍሁት፣ ጄኔሬተሩን እዚያ ያስቀመጥሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ሰውየው ላንሣው ሲሉኝ እንደከለከልኋቸው፣ የአሥራ አንዱን ሲሊንደር አየር እንዳስወጣሁ። ባለሙያውን ጠይቄ ሁሉን ካወቅሁ በኋላም ሁለት ቀን ዝም እንዳልሁ። ስናገር አላቋረጠኝም። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ሰውየው እንዳይሄዱብሽ ነው?»

ሙቀት ነው፣ ድንኳንተኞች ናቸው፣ ሕፃናት ናቸው ልለው እችል ነበር።

«አዎ» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። «ቢሄዱ እኮ» አለ፣ «እኔ ሐይቁን ዞሬ አመጣልሽ ነበር።» ከዚያ ልብሱን ጆንያው ውስጥ አስገብቶ፣ አስሮ፣ ተሸክሞት ገባ። በሩን ከኋላው አልዘጋውም፤ ግን ግቢም አላለኝ።

ሰኞ 9

በማለዳ ለመርማሪው ጻፍሁ። ሦስት ገጽ። ቀኖቹን ከዚህ ደብተር ገለበጥሁ፤ «ይሆናል» እና «መሰለኝ» የሚሉትን አውጥቼ። ወንድሜ ጠይቆኛል ብዬ ጻፍሁ። የባቡር ነጂው ጥፋት እንደሌለ ጻፍሁ። የአየር ክፍሉን ቁልፍ ለኃላፊዋ አስረክቤ፣ ያለችኝን «ጥሩ መላ» ጭምር እንደጻፍሁ ነገርኋት። ገረጣች።

በሩ ላይ የፖስታውን ብስክሌት ጠበቅሁ። ፖስተኛዋ ወደ ሥራ ከተመለሰች ዛሬ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ዳገቱን እየገፋች ነው የወጣችው፤ ገና ቶሎ ይደክማታል። ስታየኝ ብስክሌቷን አቁማ አቀፈችኝ።

«እትዬ አየር! አንቺ ባትኖሪ እኮ ያ ሁሉ ሰው አልቆ ነበር አሉኝ። ልመጣ ነበር፣ ላመሰግንሽ።»

ፖስታውን ሰጠኋት። አድራሻውን አነበበችና ቦርሳዋን ከፈተች። «አስቸኳይ ነው? ዛሬውኑ አደርሰዋለሁ።»

«አስቸኳይ ነው» አልኳት። «አልታሸገም። ከመውሰድሽ በፊት አንብቢው።»

«እኔ? የሰው ደብዳቤ?»

«ስላንቺ ነው።»

አየችኝ። ከዚያ ብስክሌቷን አጥሩ ላይ አስደግፋ የመጀመሪያውን ገጽ አወጣች። ቀስ ብላ ነው የምታነብ፤ ከአደጋው ወዲህ ፊደል ይደራረብብኛል ትላለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ተቀመጠች። መሄድ እችል ነበር፤ እስክትጨርስ ድረስ ፊቷ ቆሜ ጠበቅሁ።